በኅብረት በሚጻፍ ፕሮግራም ላይ ስለሚነሣ የአጻጻፍ ክርክር፤ ከጅማና ከአካባቢው የቡና ከተሞች

በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት ያሰብነው፣ ብዙ ሰዎች ሆነው አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚጽፉበት ጊዜ ስለ አጻጻፉ ልማድ የሚነሣውን ክርክር ነው። ክርክሩ ፕሮግራሙ ምን ይሥራ በሚለው ላይ ሳይሆን ምን መልክ ይኑረው በሚለው ላይ ነው። መስመሩ ስንት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ይግባ? ቅንፉ በመስመሩ ጫፍ ይከፈት ወይስ ከታች ብቻውን ይቁም? ለነገሩ የሚሰጠው ስም በምን ቋንቋና በምን ፊደል ይጻፍ? ኮድ ጽፎ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ሙግት ሊመስለው ይችላል። እኛም አንድ የአጋሮ አካባቢ ገበሬ ጀንፈሉን በፕሮግራማችን ውስጥ ፈልጎ እስኪያጣው ድረስ፣ በሙግቱ ውስጥ ዋና ተካፋዮች ብንሆንም፣ ቁም ነገሩ የት እንዳለ አልተረዳንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ወራት አምስት ተማሪዎች ሆነን፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና መረከቢያ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ለመጻፍ ተስማማን። በማኅበሩ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሰው የአስረካቢውን ስም፣ ቀኑን፣ የቡናውን ዓይነትና ክብደቱን በደብተር ይጽፋል። ዓይነቱ እሸት ወይም ጀንፈል ነው፤ እሸት ያው ከዛፉ የተለቀመው ቀይ ፍሬ ሲሆን ጀንፈል ከነገለባው የደረቀው ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ አይደመሩም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ሲያስፈልግ፣ ከጀንፈል ግን ሁለት ኪሎ ያህል ይበቃል። ክብደቱ በኪሎ ይመዝገብ እንጂ ሽማግሌዎቹ ዛሬም የሚቆጥሩት በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ከእኛ መካከል የጅማ ልጆች ያልሆኑት ሁለቱ የተማሩት እዚያው ነው። ማኅበሩ ቡናውን ከሸጠ በኋላ የሚተርፈውን ገንዘብ ለአባላቱ የሚያከፋፍለው እያንዳንዱ ባስረከበው መጠን ስለ ሆነ፣ በመዝገቡ ውስጥ የጠፋ መስመር ከአንድ ቤት የጠፋ ገንዘብ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የፈጀነው ግን በዚህ ላይ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ ፕሮግራም መጻፍ የተማረው ቅንፍ በመስመር ጫፍ ከሚከፍት መጽሐፍ ነው፤ ሌላው ቅንፉን ለብቻው በአዲስ መስመር ከሚያቆም መምህር ነው። አንዱ መስመሩን ወደ ውስጥ ለማስገባት የታብን ቁልፍ ይመታል፤ ሌላው አራት ክፍት ቦታ ይቆጥራል። ሁለት ቃል ያለውን ስም አንዱ በከሥር ሰረዝ ያያይዘዋል፣ ሌላው ሁለተኛውን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምረዋል። ሁሉም የራሱን ንጹሕ፣ የሌላውን ዝርክርክ ይለው ነበር። ይህን ስናይ ጠበኞቹ ግትር ስለ ሆኑ ብቻ ነው ማለት አንችልም። ኮድ የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ቃል አይቆጥርም፤ ዐይኑ የለመደውን ቅርጽ ይዞ ይሮጣል፣ ስሕተትንም የሚያገኘው ቅርጹ ሲሰበር ነው። ቅርጹ የእርሱ ልማድ ካልሆነ ግን በየመስመሩ ይሰናከላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚከላከለው የራሱን ዐይን ነበር። ይህን ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት የሻይ ሒሳባችን ይቀንስ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት መዝገቡን ስንከፍት፣ ሙግቱ የሰለቸው አንዱ ጓደኛችን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የመደመሪያውን ፋይል ከዳር እስከ ዳር በራሱ ልማድ አስተካክሎት አገኘን። ከስምንት መቶ የሚበልጥ መስመር ነው። ክፍት ቦታውንና ቅንፉን ሁሉ ካስተካከለ በኋላ፣ መቼም ጀምሬዋለሁ ብሎ፣ ስሞቹንም ወደ እንግሊዝኛ መለሳቸው። «ጀንፈል» የሚለውንም «ድራይ ቼሪ» አደረገው። ቃሉ ግን የነገር ስም ብቻ አልነበረም፤ ከመዝገቡ እየተነበበ የሚነጻጸር ቃልም ነበር። ሚዛን ላይ ያለው ሰው የሚሞላው ገጽ በሌላ ተማሪ በሌላ ፋይል የተጻፈ ስለ ነበረ፣ እንደ ቀድሞው «ጀንፈል» እያለ ያስቀምጥ ነበር። መደመሪያው በበኩሉ «ድራይ ቼሪ» የሚል ፈለገ፤ አንድም አላገኘም፤ ስለዚህ ዜሮ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ አላጉረመረመም፤ ዜሮም ቁጥር ነውና።

ለሙከራ ያህል ከደብተሩ የተገለበጠውን የኻያ ሰዎች ሒሳብ አትመን ወደ ማኅበሩ ወሰድን። ዓምዶቹ ቀጥ ብለው የተሰለፉ፣ የሚያምር ወረቀት ነበር። አንድ ሽማግሌ በስማቸው አንጻር ያለውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ በአፋን ኦሮሞ፣ «ልጆቼ፣ እሸቱስ ልክ ነው፤ ሦስት ፈረሱላ ጀንፈሌ ግን የት ገባ?» ብለው ጠየቁ። ሚዛን ሠራተኛው ደብተሩን ገለጠ፤ 51 ኪሎ ጀንፈል በግልጽ ተጽፏል። ከኻያዎቹ ሰባቱ ጀንፈል አስረክበው ኖሮ የሰባቱም ዓምድ ዜሮ ነበር። አምስታችንም ያንን ወረቀት አይተነዋል፤ ያየነው ግን አሰላለፉን ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ለምን ያን ያህል ፈጀ? ይህ ለጉዳያችን ዋና ነገር ስለ ሆነ ጥቂት እናብራራው። በኅብረት የሚጻፍ ኮድ የሚቀመጠው ጊት በተባለው የለውጥ መዝገብ ውስጥ ነው። ይህ መዝገብ ማን የትኛውን መስመር መቼ እንደ ለወጠ ይነግራል፤ አንድ ነገር ሲበላሽም የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ከእርሱ ነው። ነገር ግን ለመዝገቡ አንድ ክፍት ቦታ መጨመርና የድምር ስሌት መለወጥ እኩል ለውጥ ናቸው። ስለዚህ ስምንት መቶውን መስመር በሙሉ የነካ ሰው የስምንት መቶው መስመር ጸሐፊ ሆኖ ይታያል፤ ቀድሞ ማን ስለ ምን እንደ ጻፈው ይሸፈናል፤ እውነተኛዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ለውጦች በመልክ ለውጥ ክምር ውስጥ ይቀበራሉ። የጓደኛችንን ሥራ የመመልከት ተራ የደረሰው ተማሪ፣ አንድ ሙሉ ፋይል ተለውጦ ባየ ጊዜ፣ «መልክ ብቻ ነው» ብሎ አሳለፈው። ከእኛ መካከል ማንም በእርሱ ቦታ ቢሆን ሌላ ነገር አያደርግም ነበር።

ክርክሩ ከእኛ አልተጀመረም፤ ዕድሜው ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ብራያን ከርኒገንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሲ ቋንቋ ካሳተሙት መጽሐፍ የተማሩ ብዙ ሰዎች የመጽሐፉን የቅንፍ አከፋፈት እንደ ወረሱት ቀርተዋል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ለሊኑክስ በጻፈው ደንብ ወደ ውስጥ የሚገባው ስምንት ፊደል የሚያህል ታብ ነው። ፓይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ፔፕ 8 በተባለው ደንቡ አራት ክፍት ቦታ አለ፤ በፓይተን 3ም ታብና ክፍት ቦታ ትርጉሙን በሚያዛባ መንገድ ከተደባለቁ ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አይሠራም። ይኸው ደንብ አንድ መስመር ከ79 ፊደል እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ 80 ገደማ የሚሆን ልክ በኮምፒዩተሩ ዓለም የቆየ ነው፤ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ባለ ቀዳዳ ካርድ ሰማንያ ዓምድ ነበረው። ካርዱን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በጅማ ተቀምጦ በካርዱ ልክ ይጣላል።

መልክን መናቅ ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 አፕል የተባለው ኩባንያ በስልኮቹና በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ያለ አንድ ከባድ ጉድለት አስተካክሏል፤ ጉድለቱ ምስጢራዊ ግንኙነትን በሚያረጋግጠው ክፍል ውስጥ ነበር። ምክንያቱ ወደ መውጫው ዝለል የሚለው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተደግሞ መጻፉ ነው። የመጀመሪያው «ስሕተት ቢኖር» በሚለው ሥር ነበር፤ ቅንፍ ስላልተደረገ ግን ሁለተኛው በማንኛውም ጊዜ የሚፈጸም ሆነ፣ ማረጋገጫውም ሳይጨርስ ይወጣ ጀመር። ሁለቱ መስመሮች እኩል ወደ ውስጥ ገብተው ስለ ተጻፉ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የታዘዘ ይመስላል። መልክን የሚያስተካክል ፕሮግራም ቢያልፍበት ኖሮ ሁለተኛውን ወደ ውጭ ስለሚያወጣው፣ ለሚያነበው ዐይን ይጋለጥ ነበር።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይገኛል። ጎ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ሲቀርብ ኮዱን በአንድ መልክ ብቻ የሚያሰልፍ መሣሪያ አብሮት ነበር፤ ለፓይተንም ከ2018 ወዲህ ብላክ የሚባል አለ። የእነዚህ ጥቅም የሚሰጡት መልክ ከሌላው ይልቅ ማማሩ አይደለም፤ ምርጫውን ከሰው እጅ መውሰዳቸው ነው። ታብ ይሁን ክፍት ቦታ፣ ሁለት ይሁን አራት፣ በዚህ ምክንያት የማንም ቡና አይጠፋም። እኛም በሦስተኛው ሳምንት ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቅንፍ አልተጣላንም። ሁለት ሳምንት ያቃጠለን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ስም ግን እንዲህ አይደለም። ለነገሩ ምን ስም ይሰጠው የሚለውን የሚወስን መሣሪያ የለም፤ በእኛ አገርም ከባዱ ክርክር ይህ ነው።

የከተማይቱን ስም እንውሰድ። በአማርኛ «ጅማ» የሚል አለ፣ «ጂማ» የሚልም አለ። በላቲን ፊደል በ«ጄ» ተጀምሮ አንዱ አንድ «ኤም»፣ ሌላው ሁለት «ኤም» ያደርጋል። ጣሊያኖች በ«ጂ» ይጽፉት ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ መጨረሻውን ሁለት «ኤ» ያደርገዋል። የውጭ አገር ቡና ነጋዴዎች ደግሞ ከፊቱ «ዲ»፣ ከኋላውም «ኤች» የሚጨምር የቆየ አጻጻፍ አላቸው። ሰቃ ጨቆርሳም እንዲሁ ነው፤ በቁቤ «ቅ» በ«ኪው»፣ «ጭ» በ«ሲ» ይጻፋሉ፣ የእንግሊዝኛው ካርታ ግን «ኬ» እና «ሲ ኤች» ያደርጋቸዋል። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው አንድ ወረዳ መሆኑን ያውቃል፤ ፕሮግራሙ ግን ሁለት ወረዳ አድርጎ ይቆጥራል።

ከዚህ የሚከፋው አጻጻፉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት ሲሆን ነው። «ሊሙ» ስንል ሊሙ ኮሳንና ሊሙ ሰቃን፣ ማለት አገሩን፣ እናስባለን። በቡና ገበያ ግን «ሊሙ» ታጥቦ የተዘጋጀ፣ «ጅማ» ደግሞ ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ የዚህ አካባቢ ቡና መጠሪያ ነው። ስለዚህ በጎማ ወይም በማና የተለቀመ እሸት ተፈልፍሎ ከታጠበ «ሊሙ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። «ሊሙ» የሚል አንድ ስም በኮዱ ውስጥ ያስገባ ተማሪ ቦታውን ይሁን አዘገጃጀቱን ማለቱ እንደ ሆነ፣ ከወር በኋላ ራሱም አያስታውሰውም። የሰው ስምም አለ። በጅማ በፈረስ ስም መጠራት የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ አንድ አባት ዛሬ «አባ» በሚለው ስማቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት በተጸውዖ ስማቸው ሊመዘገቡ ይችላሉ።

ስም አወጣጥ በአግባቡ ሲደረግ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ ከከተማው አጠገብ መልኮ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማእከል አለ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተፈልገው በቁጥር ተሰየሙ። 74110፣ 74112፣ 74140 የሚባሉት ዝርያዎች የመጀመሪያ ሁለት አኀዞች የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታሉ፤ የቀረው የዛፉ ተራ ቁጥር ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላም ስሙ ታሪኩን ይናገራል። ነገር ግን ልማዱን ለሚያውቅ ብቻ ነው፤ ከእኛ መካከል አንዱ እነዚህን በሒሳብ ቁጥርነት መዝግቦ የዝርያዎቹን አማካይ አውጥቶልን ነበር። አማካዩ ምን ዓይነት ቡና እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

እንግዲህ ስሞቹ በምን ቋንቋ ይሁኑ? ለእንግሊዝኛ የሚከራከሩት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገ ኮዱን የሚረከብ ሰው ከጋምቤላ ወይም ከመቀሌ ወይም ከባሕር ማዶ ሊመጣ ይችላል። በሌላ በኩል ጀንፈልን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል አይመርጡም፤ አንዱ «የደረቀ ፍሬ»፣ ሌላው «ያልታጠበ» የሚል ትርጉም ያለውን ይወስዳል፣ ከዚያም አንዱ ነገር ሁለት ይሆናል። ሚዛን ሠራተኛው ደግሞ ከቶ አያውቃቸውም። ስሕተታችንን ያገኘው በ«ጀንፈል» የሚያስብ ሰው እንጂ በ«ድራይ ቼሪ» የሚያስብ ሰው አልነበረም።

አንዳንዶቻችን ስሞቹን ሁሉ በፊደላችን ለምን አንጽፍም ብለን ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3ም የነገሮችን ስም በእርሱ መጻፍን ይፈቅዳል። ሞከርነው፤ ለዐይን ደስ ይላል። ነገር ግን አንዱ «ሒሳብ»፣ ሌላው «ሂሳብ» ጻፈ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ስለ «ሀ» እና «ሐ»፣ ስለ «ሰ» እና «ሠ» የሚደረገው ክርክር በደራስያን ዘንድ የቆየ ነው፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን ስለ መቀነስ ሐሳባቸውን አስቀድመው ገልጸዋል። በመጽሐፍ ውስጥ የተለያየ አጻጻፍ አራሚን ቢያስቆጣ ነው፤ በፕሮግራም ውስጥ ድምር ያጎድላል። (የዚህ መጽሔት አራሚም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ፊደላት እንዳለ ይተዋቸው እንደ ሆነ ገና አናውቅም።)

ስለ ቀን አጭር ቃል እንጨምር። «ቀን» የሚል ስም አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቈጣጠር ሞላበት። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓ ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ነው፤ ስለዚህ በፈረንጅ ዓመት የሚደምር ሰው አንዱን የለቀማ ወራት ከመካከሉ ይቆርጠዋል። ጳጉሜንንማ የእንግሊዝኛው መሣሪያ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። አሁን አቈጣጠሩ በስሙ ውስጥ ካልተጻፈ ማንም ቀን አያስገባም።

በመጨረሻ የስሞቹን ጉዳይ ከክፍላችን አወጣነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ማኅበሩ ሄደን ከሚዛን ሠራተኛውና ከሒሳብ ያዡ ጋር ተቀምጠን፣ በሥራቸው የሚጠሯቸውን ቃላት እነርሱ እንደሚሉት ጻፍን፤ ሠላሳ ስምንት ሆኑ። ለእያንዳንዱ በኮዱ ውስጥ የሚገባ አንድ የላቲን አጻጻፍ ብቻ ተሰጠው፤ የወረዳ ስሞች በቁቤ፣ የውጭ ንግድ ስሞች ለብቻቸው፣ እንደ ድምርና ዝርዝር ያሉት የጋራ ቃላት በእንግሊዝኛ ሆኑ። መልክ የሚያስተካክል ለውጥ ከሌላ ለውጥ ጋር ተደባልቆ እንዳይገባ ተስማማን፤ ጊት እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ እንዲህ ያለውን ለውጥ ታሪክ ሲመረምር እንዲዘለው ለማዘዝ ስለሚቻል፣ የዚያች ሌሊት ሥራም በዚሁ መንገድ ተመዘገበ።

ሌሊቱን የሠራው ጓደኛችን ስሕተቱን ቢያምንም ሐሳቡን አልለወጠም። «ጀንፈልን ለማያውቅ ሰው ኮዱ ተዘግቷል» ይላል፤ እውነቱን ስለ ሆነ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የእንግሊዝኛ ፍቺ እንዲጽፍ ሥራው ለእርሱ ተሰጠ። ሠላሳ ሰባቱን ጨርሷል። «ሊሙ» በሚለው ላይ ሒሳብ ያዡ አገሩ ነው፣ ሚዛን ሠራተኛው የታጠበው ነው ስላሉ፣ እነርሱ እስኪስማሙ ድረስ ቦታው ባዶ ተትቷል።